ልጆችን ይዞ በአዲስ አበባ ፓርኮችና ሙዚየሞች መዋል፦ ከዋዜማው እስከ መመለሻው

ከልጆች ጋር የሚደረግ ሽርሽር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ፕሮግራም ሲበዛ ነው። ጠዋት እንጦጦ፣ ምሳ ፒያሳ፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ ብሎ የወጣ ቤተሰብ አሥር ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚነጫነጭ ልጅ ሲያባብል ይገኛል። ቦታዎቹ ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ በአንድ ቀን ግን ለልጅ አይሆኑም። ስለዚህ የምንመክረው በቀን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጠዋት ወጥታችሁ፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ፣ ልጁ ገና ጉልበት እያለው ተመለሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ የሚሆን ዝግጅት ነው።

1. ቦታውን በታናሹ ልጅ አቅም ምረጡ

ልኬቱ ታናሹ ልጅ ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው ታዝሎ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ማረፍ አለበት። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለው መሀል መሀል ላይ ካረፈ 3 ኪሎ ሜትር ይችላል። ታላቁን ለማስደሰት ታናሹን የሚጎትት ቤተሰብ ሁለቱንም ያስከፋል።

ለትንንሾቹ ሜዳ፣ ሣርና ውሃ ይበቃቸዋል። ወዳጅነት ፓርክ መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ጋሪ ያስኬዳል፤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስላለው ግን ልጁ ሁልጊዜ እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን። ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ ልጅ ጮሆ አይጣራም፣ አይንቦጫረቅም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው።

አራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለው አንድነት ፓርክ ከ2012 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን አንበሶች፣ የነገሥታቱን አዳራሾችና የክልሎችን ማሳያዎች ይዟል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ጥሩ ነው። ትንንሾች ካሉ ከአንበሶቹ ጀምሩ። አዳራሾቹን አስቀድማችሁ አንበሶቹን ለመጨረሻ ካቆያችኋቸው፣ ልጁ ያለውን ትዕግሥት አዳራሽ ውስጥ ጨርሶ ነው አንበሳው ጋ የሚደርሰው።

እንጦጦ ፓርክ ለሚሮጡና ለሚጋልቡ ልጆች ነው። የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ መጫወቻ፣ ፈረስ ግልቢያም አለው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን እንጦጦ ጫፉ ላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ቦሌ ላይ በሸሚዝ የሚያስኬድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሹራብና ጃኬት ይጠይቃል። መንገዱ ዳገትና ጠጠር የበዛበት ስለሆነ ጋሪ ይዞ መውጣት ልፋት ነው፤ አንቀልባ ወይም የጀርባ ማዘያ ይሻላል። የተነጠፈው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ዳገት ሲወርዱ ያንሸራትታልና ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉላቸው።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጸጥታ ለሚወዱና ለሚጠይቁ ልጆች ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ እየለዩ መሄድ ይቻላል። ቅጠል መቀንጠስ አይገባም፤ የወደቀውን ግን ልጁ ይልቀም፣ ቤት ሲገባ ደብተር ውስጥ ይጫነው።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ወስኑ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳው ስለሚበርድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትድረሱ። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አልፎ አልፎ ይጥላል። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴም ቢሆን ከ2፡30 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጠዋት ሊያስወጣ ይችላል፤ ያኔ ከሜዳ ይልቅ ሙዚየም ምረጡ።

ከተማው ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ትልቁ ጣጣ መንገድ ነው። በመስቀል፣ በኢሬቻ፣ በጥምቀት፣ ኅዳር ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫና የካቲት ላይ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋሉ። ዋዜማው ላይ ዜና ሰምታችሁ ተነሡ። በዓመት በዓል ማግስት ፓርኮቹ ስለሚጨናነቁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሥራ ቀናት አንዱን መምረጥ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰኞ የሚዘጉ ቦታዎች ስላሉ ያንን ቀን የምትወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የመግቢያ ክፍያም በየጊዜው ይለወጣል፤ በቴሌብር ወይም በድረ ገጽ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ቤት እያላችሁ ቁረጡ። በር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ልጆች ፀሐይ ላይ ይቆማሉ።

3. ምግቡን በዋዜማው አዘጋጁ

ለሁለት አዋቂና ለሁለት ልጅ ይህን ያህል ይበቃል፦

- 8 መካከለኛ ድንች፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ለየብቻ በትንሽ ብልቃጥ
- 6 የተቀቀለ እንቁላል (በጾም ቀን በ8 የአትክልት ወይም የምስር ሳምቡሳ ይተካል)
- ሩብ ድፎ ዳቦ፣ ቤት ውስጥ የተቆራረጠ
- 8 ሙዝና 6 መንደሪን
- 4 ሊትር ውሃ፤ ለአዋቂ 1 ሊትር፣ ለልጅ ሦስት አራተኛ ሊትር፣ የቀረው ለእጅ መታጠቢያ

ከውሃው አንዱን ጠርሙስ፣ ሲረጋ እንዳይፈነዳ ትንሽ አጉድላችሁ፣ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና ጠዋት ከምግቡ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሉት። እሱ ሲሟሟ ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ይጠጣል። ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ወተት ያለበት ምግብ ሳይቀዘቅዝ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አታብሉ። ወጥና ፍርፍር ለመንገድ አይሆኑም፤ ይፈስሳሉ፣ ሙቀትም ያኮመጥጣቸዋል። ጨጨብሳ ቅቤው ያልበዛ ከሆነ ጥሩ ይጓዛል።

አሁን ስለ ቆሎ። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎና ፈንዲሻ ለታላላቆቹ የሚስማማ የመንገድ ምግብ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አትስጡ። መንጋጋው ገና አድቅቆ አያኝክም፣ እየሮጠ ወይም እየሳቀ ሲበላ ደግሞ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። ልጅ ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በመዳፋችሁ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሀል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣና ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ እጃችሁን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን አፈራርቁ። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን አትጫኑ። በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት ደረቱን መሀል ላይ 5 ጊዜ ጫኑ። ጣት አስገብቶ በጭፍን መፈለግ ፍሬውን የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ፍራፍሬውን ቤት ላጡ ወይም በእጅ የሚላጥ ያዙ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ቢላ አያስገቡም። አንዳንድ ቦታ ምግብ ጭራሹን አይገባም፤ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ። የማይገባ ከሆነ ልጆቹን ከመግባታችሁ በፊት አብሏቸው።

4. ቦርሳው

አንድ አዋቂ አንድ ቦርሳ፣ ሁለቱም በጀርባ የሚታዘሉ ይሁኑ፤ እጅ ለልጅ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ካልሲ፣ ባርኔጣ፣ ሹራብ፤ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ፕላስተር፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለቆሻሻ ሁለት ፌስታል፤ መታወቂያችሁ፣ ቻርጅ የተሞላ ስልክና ዝርዝር ብር። ሳርና ድንጋይ ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ነጠላ ወይም ጋቢ ያዙ። የአዲስ አበባ ፀሐይ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ብቻ ይናቃል። ነገር ግን በየ1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐዩ የሚያቃጥል ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ደመና ባለበት ቀንም ልጅ ፊቱና ጆሮው ይቃጠላል።

5. ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ለመጥፋት የሚሆን ዝግጅት

ይህ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ማንም አይዝለለው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ልጅ በዚያ ቀን ልብሱ ከእግር እስከ ራሱ በስልክ አንሡት። ልጅ ሲጠፋ የድንጋጤ ብዛት የለበሰውን ቀለም ያስረሳል። ቀጥሎ ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ጻፉና በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። ስሙን ከውጭ በሚታይ ቦታ አትጻፉ፤ በስሙ የጠራውን ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ያምናል።

ከዚያ ልጁን "የእናትህ ስም ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ልጆች "እማዬ" ወይም ጎረቤት በሚጠራት "የአቤል እናት" ብለው ይመልሳሉ። ትክክለኛውን ስም ከነአባት ስሟ አስተምሩት፤ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው እሱ ነው። የአባትንም እንዲሁ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ይወቅ፦ ስንለያይ ባለህበት ቁም፣ እኛ ነን የምንመጣው። ከቆየን ደግሞ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ወይም ልጅ የያዘች እናት ጠይቅ። ቦታው እንደደረሳችሁ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ሐውልት ወይም የበሩን ግንብ፣ መገናኛ አድርጋችሁ አሳዩት። ባለ ሻይና ባለ ፊኛ ቦታ ይቀይራሉ።

ልጅ ከጠፋ አንዳችሁ መጨረሻ የታየበት ቦታ ቁሙ፤ ሌላው በቀጥታ ወደ መውጫ በር ሄዶ ለጥበቃዎች ይንገርና ፎቶውን ያሳይ። መጀመሪያ ውሃ ያለበትን ቦታ ፈትሹ። የፖሊስ ቁጥር 991 ነው።

6. መጓጓዣ

በስልክ በሚጠራ ታክሲ፣ በራይድ ወይም በፈረስ፣ ከሄዳችሁ ልጅ ከኋላ ይቀመጣል፤ ቀበቶ የሚሠራ መሆኑን ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ሳቡና እዩ። አንድ ቀበቶ ለሁለት ልጅ ወይም ለእናትና ለታቀፈችው ልጅ አታስሩ፤ ሲጋጭ የአዋቂው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል። በሚኒባስ ከሆነ ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ያለውን የሥራ ሰዓት ግፊያ አሳልፉ። ለእንጦጦ ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ ከሄዳችሁ ዳገቱን ከትንንሽ ልጆች ጋር በእግር አትጀምሩት፤ ፓርኩ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ያልቃል።

7. እንደደረሳችሁ

መጀመሪያ ሽንት ቤት። "አልመጣብኝም" ቢልም ውሰዱት፤ አንዴ መጫወቻው ላይ ከወጣ እስኪያመልጠው አይወርድም። ቀጥሎ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ጨዋታ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ልጁ እንደልቡ ይሩጥ፤ ፎቶ፣ አዳራሽና ገለጻ በኋላ ይደርሳል።

መጫወቻ ላይ የሚያጋጥም ስብራት አለ፤ ብዙ ወላጅ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ነው የሚያመጣው። ትንሹን ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መንሸራተት አደገኛ ነው። የልጁ ጫማ ከመንሸራተቻው ጠርዝ ጋር ሲይዝ፣ የአዋቂው ክብደት ወደታች መውረዱን አያቆምምና እግሩን ይጠመዝዘዋል፣ ቅልጥሙ ይሰበራል። ብቻውን ሲንሸራተት እግሩ ቢይዝ እንኳ ይቆማል እንጂ አይሰበርም። ብቻውን መንሸራተት ካልቻለ ዝቅ ያለውን ፈልጉለት፣ እናንተ ከጎን ቆማችሁ ያዙት። የብረት መንሸራተቻ ከ5 ሰዓት በኋላ ይግላል፤ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። አንገት ላይ ያለ ሻርፕ፣ የነጠላ ጫፍና የኮፍያ ማሰሪያ ከመወጣጫው በፊት ይውለቅ፤ ተይዞ ያንቃል። ዥዋዥዌ ሲኖር ታናሾቹን ከፊትና ከኋላው አርቁ።

ፈረስ ላይ የሚወጣ ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ወይም ከጎን ይቅረብ። ፈረስ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ስለማያይ ይደነግጣል፣ ይራገጣል። የራስ መከላከያ ካለ ይደረግለት፤ ከሌለ ሳቢው ልጓሙን ይዞ በእርምጃ ብቻ ይሂድ፣ ከእናንተም አንዱ ከልጁ ጎን ለጎን ይሂድ። ርካቡ ላይ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አይግባ፤ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታል።

8. ሙዚየም ከመረጣችሁ

ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መስመር ለልጅ ሀብታም ነው። ብሔራዊ ሙዚየሙና በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም በእግር ይገናኛሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት ግን አትሞክሩ፤ ልጅ በሙዚየም ውስጥ በደንብ የሚያየው ለ45 ደቂቃ ያህል ነው። ሁሉን ክፍል አትዙሩ፤ አምስት ነገር መርጣችሁ እነዚያ ላይ ቁሙ።

ብሔራዊ ሙዚየም ከድንቅነሽ ይጀመር። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ ሙሉ አዋቂ ሆና ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ይህን ቁጥር ለልጅ በቃል መንገር ምንም አያደርግም። በዋዜማው ቤት ግድግዳ ላይ 1.10 ሜትር ለክታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ልጁን አቁሙት። የአምስት ዓመት ልጅ ከሷ እኩል ሆኖ ሲገኝ በማግስቱ ሙዚየሙ ውስጥ ራሱ ሮጦ ይፈልጋታል። "እውነተኛ አጥንት ነው?" ብሎ ከጠየቀ እውነቱን ንገሩት፦ ለእይታ የሚቆመው ቅጂ ነው፣ ዋናው ለብቻው በጥንቃቄ ይጠበቃል። ለትንንሾቹ ደግሞ የሰላምን ታሪክ ጨምሩ፤ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ያገኛት ሕፃን ስትሞት 3 ዓመት አካባቢ ነበረች። ከሷ እኩያ የሆነ ልጅ ይህን ሲሰማ ብዙ ይጠይቃል።

የኢትኖሎጂ ሙዚየም ቀድሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ነው፤ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ከ8 ዓመት በታች ላሉ የልጅነቱን ክፍል ብቻ በዝግታ አሳዩ። የንጉሡን መኝታ ክፍል ግን አትዝለሉ፤ ንጉሥ እዚህ ነበር የሚተኛው ሲባል ልጆች አልጋውን ከራሳቸው አልጋ ጋር ማወዳደር ይጀምራሉ። ደጅ ላይ ያለውን ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃም አሳዩአቸው። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት አንድ ደረጃ እያደረጉ ሠሩት፤ ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ከታች ሆነው ይቁጠሩት። ስድስት ኪሎ አደባባይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ የተቀረጹት ምስሎች የ1929 ዓ.ም.ን ግድያ በግልጽ ስለሚያሳዩ፣ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ በሩቁ እለፉት፤ ታላላቆቹን ግን ቆማችሁ አስረዷቸው።

ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የ1888ቱን ጦርነት በትምህርት ቤት የጀመሩ ልጆች ይበልጥ ይጠቀሙበታል።

9. ሲያጋጥም

*ሳማ ከለበለበው፦* አትሹት፣ አይከክ። መፋቅ የቅጠሉን ፀጉሮች ወደ ቆዳ ውስጥ ያስገባቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ቆይቶ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል የቀሩትን ፀጉሮች ያወጣል።

*ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው፦* ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ቡና ወይም ነጭ ሽንኩርት አትነስንሱበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል አይድንም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲጀመር ነው። "ውሻው ባለቤት አለው" የሚለው ለመቆየት ምክንያት አይሆንም።

*ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፦* እንጦጦ ላይ ከሆናችሁ ከፍታው ሊሆን ይችላል። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጡ ልጆች ላይ ይበረታል፤ እነሱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወደ እንጦጦ አታውጧቸው። ከዋሽንግተን ለመጡት በምሽት እየነቁ ቀን የሚያንቀላፉበት ጊዜም ነው፤ ለዚህ ጊዜ ቅርብ ያለ ሜዳ ይሻላል። ካመመው ውሃ አጠጡትና ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ።

ለከባድ ጉዳት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

10. መመለስ

የመመለሻውን ሰዓት የሚወስነው ልጁ ነው፤ ምልክቶቹን ግን ቀድሞ ማየት የእናንተ ሥራ ነው። ጆሮ ወይም ዓይን ማሸት፣ ያለ ምክንያት መውደቅ፣ ከታናሹ ጋር መጣላት፣ "ተሸከመኝ" ማለት። ከእነዚህ ሁለቱ ከታዩ ግማሽ ሰዓት ነው ያላችሁ። ድንገት "በቃ እንሂድ" አትበሉ። ከ10 ደቂቃ በፊት ንገሩ፣ ከዚያ "አንድ ጊዜ ተንሸራተትና እንሄዳለን" በሉ፤ አንድ ካላችሁ አንድ ይሁን። ወደ ሁለት የተለወጠ አንድ በሚቀጥለው ጊዜ አሥር ይጠየቅበታል።

በር ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ እርጥብ ልብስ መቀየር። ያስቀራችሁትን ሙዝና ውሃ ለመንገዱ ስጡ። ቆሻሻችሁን በፌስታሉ ይዛችሁ ውጡ። ትራንስፖርት የምትጠሩት ልጆቹ ከተቀመጡበት ጥላ ሆናችሁ ነው፤ መኪናው ሲደርስ ትወጣላችሁ። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ አካላቸውን እዩ፦ በተለይ ሣር ላይ ከዋሉ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጉልበት እጥፋት ውስጥ መዥገር ካለ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ክብሪት አትለኩሱበት፣ ቅቤም አትቀቡት። ቦርሳውን ያኔውኑ ባዶ አድርጉ፤ የተረሳ እንቁላል በማግስቱ ቦርሳውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።